የአባቴ ስፒከሮች፣ የወንድሜ ስጦታና የባለቤቴ ሳሎን

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ጎልማሳ ነኝ። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ጀሞ በሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። በሕይወት ሳሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ያዳምጡባቸው የነበሩ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ትተውልናል፤ አምፕሊፋየራቸው ግን ተቃጥሎ ከተጣለ ቆይቷል። አሁን ስፒከሮቹ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቆመው አበባ ይቀመጥባቸዋል።

ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ ሊጠይቀን ይመጣል። «እስከ 900 ዶላር አውጥቼ ለቤታችሁ የሆም ቴአትር ሪሲቨር አመጣላችኋለሁ» ብሎኛል። ባለ ዘጠኝ ቻናልና በቻናል 120 ዋት የሆነ መሣሪያ በቅናሽ አግኝቶ በየሁለት ቀኑ ፎቶውን ይልክልኛል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «የአሜሪካ ዕቃ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል» አለኝ። ባለቤቴ በበኩሏ «አንድ ሳውንድባር፣ ያ ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠው ረጅም ስፒከር፣ ይበቃናል፤ ሳሎኔን በሽቦ አትሙላብኝ፣ ጎረቤትም አለ» ትላለች። እናቴ ድራማ ስታይ «ሰዎቹ የሚሉት አይሰማኝም፣ የሚጮኸው ሙዚቃው ብቻ ነው» እያለች ሁልጊዜ ታማርራለች። ዱባይ የምትሠራ ታናሽ እህት አለችን፤ እሷ ግን ለጊዜው ከነገሩ ውጭ ናት።

ወንድሜን እምቢ ብለው ያዝንብኛል፤ እሺ ብለው ደግሞ ቤቴ ይታወካል። ምን ዓይነት መሣሪያ ነው የሚያስፈልገን? ለወንድሜስ ምን ልበለው?

ግራ የገባኝ ከጀሞ

መልስ

ወንድሜ ሆይ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው አበባ በተቀመጠባቸው የአባትዎ ስፒከሮች ላይ ነው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ያለ ብዙ ማንገራገር ከባለቤትዎ ጋር እወግን ነበር፤ ለአንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ደህና ሳውንድባር የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ሳውንድባርም ሆነ በአንድ ካርቶን ተጠቃሎ የሚሸጠው ሆም ቴአትር ግን በአብዛኛው የራሱን ስፒከር ብቻ ነው የሚያሠራው። የአባትዎ ስፒከሮች ተመልሰው እንዲዘፍኑ ከፈለጉ ለብቻው የቆመ፣ ማንኛውንም ስፒከር የሚቀበል መሣሪያ ያስፈልግዎታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እነዚያን ስፒከሮች በእርግጥ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ እዚያው ቆመው ማየት ይበቃዎታል? ሁለቱም ተገቢ መልስ ነው፤ 900 ዶላሩ የት መሄድ እንዳለበት የሚወስነው ግን ይህ ነው። ደብዳቤዎን አንብቤ «መስማት እንፈልጋለን» የሚለውን ገምቼ እቀጥላለሁ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ላስቀድም። አገራችን ውስጥ «ሪሲቨር» ሲባል ሁሉም ሰው የሚረዳው የዲሹን ሣጥን ነው፤ ሱቅ ገብተው በዚህ ስም ቢጠይቁ የሚሰጥዎትም እሱኑ ነው። ወንድምዎ የሚለው ሪሲቨር ሌላ ነው፤ ዲሹን፣ የፊልም ማጫወቻውንና የልጆቹን ጌም የሚቀበል፣ ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያሳልፍ፣ ድምፁን ደግሞ ለየስፒከሩ አጉልቶ የሚያከፋፍል አምፕሊፋየር ነው። ከባለቤትዎ ጋር ስትነጋገሩ «አምፕሊፋየር» ቢሉት «ሌላ ዲኮደር ደግሞ ምን ሊያደርግልን» ከሚል ክርክር ይድናሉ።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ስፒከሮቹ በሕይወት መኖራቸውን ያረጋግጡ። ጀርባቸውን ዞረው ይመልከቱ፤ 8፣ 6 ወይም 4 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 8 ወይም 6 ከሆነ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ማንኛውም መሣሪያ ያለ ጭንቀት ያሠራቸዋል፤ 4 ከሆነ ግን መሣሪያው ያንን እንደሚችል በመመሪያው ላይ መረጋገጥ አለበት፤ አለበለዚያ ድምፁ ከፍ ሲል ይሞቃል፣ ራሱንም ያጠፋል። ከዚያ የፊቱን ጨርቅ አውልቀው የትልቁን ድምፅ ማውጫ ጠርዝ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩት። ጠርዙ ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ይህ ቢሆን እንኳ ተስፋ አይቁረጡ፤ ጠርዙ ብቻ ተቀይሮ ስፒከሩ ይድናል። በመጨረሻም አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ሁለት ጫፍ በሁለት ቁራጭ ሽቦ ከስፒከሩ መሰኪያዎች ጋር ለቅጽበት ያነካኩ። «ቱክ» ብሎ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል አልተበጠሰም ማለት ነው። ይህን ሲያደርጉ ልጆቹን አጠገብዎ ቢጠሯቸው ጥሩ ነው፤ አያታቸው የተዉላቸውን ዕቃ በዚህ መንገድ ማወቅ ደስ ይላል።

አሁን ጓደኛዎ ወዳነሱት ጉዳይ ልምጣ፤ ትክክል ናቸውና ነገሩን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉ ስለሆኑ ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንደዚያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የሆም ቴአትር መሣሪያ ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ የሚል ምልክት አለው፤ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። በቀጥታ ቢሰካ ቢቀልለት ፊውዙ፣ ቢከፋ ውስጡ ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ ማሠራት ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ መሣሪያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 400 እና 500 ዋት የሚጠይቅ በመሆኑ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ 1000 ዋት የሚችል ሊሆን ይገባል፤ ይህም ሳሎን ውስጥ እያዜመ የሚቀመጥ ከባድ ብረት ማለት ነው። ከዚህም በላይ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርትዙን አይቀይርም፤ ለ60 ኸርትዝ ተለክቶ የተሠራ የመሣሪያው የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከታሰበለት በላይ ይሞቃል። አንድ ቀን ደግሞ እርስዎ በሌሉበት የሆነ ሰው መሣሪያውን ነቅሎ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ይሰካዋል። እንዳይሰጉ ብዬ ላለባብስልዎ አልችልም፤ እኔ ብሆን በ900 ዶላር የተገዛ ስጦታ በዚህ ዓይነት ሥጋት ላይ አላስቀምጥም።

መፍትሔው «ከነገሩ ውጭ ናት» ባሏት እህትዎ እጅ ያለ ይመስለኛል። የዱባይ መብራት 230 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው፤ ለዚያ ገበያ የተሠራ መሣሪያ እኛ ቤት ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሠራል። መቀየር የሚያስፈልገው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ መሰኪያ ብቻ ነው። ዱባይ ከየአገሩ የመጣ ዕቃ የሚሸጥባት ከተማ ስለሆነች፣ እህትዎ ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት በመሣሪያው ጀርባ 220–240 ወይም 230 ቮልት መጻፉን በዓይኗ አይታ ፎቶውን ትላክልዎት። ዋስትናውም በአብዛኛው የሚሠራው በተገዛበት አገር ስለሆነ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍታ እንዲበራ ታድርግ። ደረሰኙን ትያዝ፤ ጉምሩክ ላይ ዋጋ ሲጠየቅ ከግምት ይልቅ ደረሰኝ ይሻላል።

«ታዲያ ወንድሜ ምን ሊያመጣ ነው?» ይሉኛል። የመሐል ስፒከር ያምጣ። ተራ ስፒከር ግድግዳ ላይ አይሰካም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከአምፕሊፋየሩ በመሆኑ የሜሪላንዱና የጀሞው መብራት ልዩነት አይመለከተውም። ከ150 እስከ 200 ዶላር ባለው ዋጋ አሜሪካ ውስጥ ጥሩ የመሐል ስፒከር ይገኛል፤ በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎም ይገባል። የራሱ ኃይል ያለውና በሶኬት የሚሰካ ዓይነት ግን እንዳይገዛ ያሳስቡት፤ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈር የተባለው ስፒከርም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ በመብራት የሚሠራ ስለሆነ ከዚያ አይምጣ።

የመሐሉ ስፒከር የእናትዎ መልስም ነው። ፊልምና ድራማ ባለ ብዙ ቻናል ሆኖ ሲቀዳ የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሐለኛው ቻናል ላይ ነው። እርሱን ለብቻው ከሁለት እስከ ሦስት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከፍ ማድረግ ስለሚቻል፣ ሙዚቃው ባለበት ሆኖ ንግግሩ ብቻ ወደ ፊት ይወጣል። በዲሽ የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎችና ዩቲዩብ ላይ የሚጫኑት ድራማዎች በብዛት ባለ ሁለት ቻናል መሆናቸው እውነት ነው፤ በዚህ ደረጃ ያሉት መሣሪያዎች ግን ሁለቱን ቻናል ወደ ብዙ የሚያሰፋ አሠራር አላቸው፤ በሁለቱም ወገን እኩል የሚሰማውን የሰው ድምፅም ወደ መሐል ይስቡታል። የሹክሹክታንና የፍንዳታን ርቀት የሚያቀራርብ የሌሊት ማዳመጫ ምርጫም አለ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እናትዎ ዝቅ አድርገው እንዲያዳምጡ የሚያስችለው እሱ ነው፤ ለጎረቤትም ይበጃል።

ባለ ዘጠኝ ቻናሉን በተመለከተ ጥቂት በሒሳብ እንየው። ዘጠኝ ቻናል ማለት ሰብዉፈሩን ሳይጨምር ዘጠኝ ስፒከር ማሠራት መቻል ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ ዘጠኝ ስፒከር የት ይቀመጣል? ባለ ሰባት ቻናሉ እንኳ ይተርፋችኋል፤ ሦስቱን ከፊት፣ ሲመቻችሁ ሁለቱን ከሶፋው ጎንና ጎን፣ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ አንድ ቀን ዶልቢ አትሞስ ለሚባለው፣ ድምፅን ከበላይም ለሚያሰማው አሠራር ከላይ በኩል ማድረግ ትችላላችሁ። ዋቱም የሚመስለውን ያህል አይለያይም። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ በ80 እና በ120 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። አንድ መደበኛ ስፒከር በአንድ ዋት ብቻ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ይህም ከሰው ንግግር እጅግ የበለጠ ድምፅ ነው። ደግሞም ያው አንድ መሣሪያ በሁለት ቻናልና በ8 ኦም ሲለካ 80 ዋት የተባለው፣ በአንድ ቻናልና በ6 ኦም ሲለካ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። እኔ ካርቶን ላይ የተጻፈ ዋት ካመንኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

የትኛውን ልግዛ ለሚለው፣ በመካከለኛ ዋጋ ከሚገኙት መካከል እህትዎ ዱባይ ላይ ዋጋቸውን እንድትጠይቅ የምመክረው ሦስት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴኖን ኤቪአር-ኤክስ1800ኤች ነው፤ ሰባት ቻናል ያለው፣ በ8 ኦም 80 ዋት የሚሰጥ፣ ኦዲሲ የተባለውን የክፍል ማስተካከያ የያዘ ነው። ሁለተኛው ኦንክዮ ቲኤክስ-ኤንአር6100፣ ሦስተኛው ያማሃ አርኤክስ-ቪ6ኤ ነው፤ ሁለቱም ባለ ሰባት ቻናልና 100 ዋት ናቸው። እኔ ለእናንተ ቤት ዴኖኑን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ የክፍል ማስተካከያው ነው፤ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣውን ማይክ ሶፋው ላይ ሲያስቀምጡት መሣሪያው የየስፒከሩን ርቀትና የክፍሉን የድምፅ ጠባይ ይለካል፤ የአባትዎን አሮጌ ስፒከሮች ከአዲሱ የመሐል ስፒከር ጋር የሚያስማማው ይህ ነው። የተለያየ ፋብሪካ ስፒከሮች ፍጹም አንድ ድምፅ አይኖራቸውም፤ ልዩነቱ ግን ጆሮ እስከማይረብሽ ድረስ ይጠብባል። ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ረክሶ ከተገኘ ግን ያንኑ ትግዛ፤ ለዚህ ብላ ሱቅ ለሱቅ አትንከራተት።

ቴሌቪዥናችሁ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች አንዱ «አርክ» ወይም «ኢአርክ» የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ በአንድ ገመድ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። ያላችሁ «አርክ» ብቻ ቢሆን ቴሌቪዥን ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ለኔትፍሊክስና ለዩቲዩብ እሱ ይበቃል።

ስለ ባለቤትዎ ስጋት ሳስብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። በእርግጥ የጠሉት ሽቦውን ነው፣ ድምፁን ነው ወይስ ሳይጠየቁ መወሰኑን? ሽቦው ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ከፊት ያሉትን ሦስት ስፒከሮች ብቻ ይጠቀሙ፤ ሁለቱ አሁንም እዚያው የቆሙ ናቸው፣ ሦስተኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር ይገባል። ሽቦው ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ጀርባ ስለሚቀር ሳሎኑን የሚያቋርጥ ገመድ አይኖርም። ሲያገናኙ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጋር ያድርጉ፤ አንዱ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ ንግግሩም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ድምፁ ከሆነ ያሳሰባቸው፣ ሰብዉፈር ለጊዜው አይግዙ። በኮንክሪት ወለልና ግድግዳ ተሻግሮ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ወፍራሙ ድምፅ ነው። በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ «ሰብዉፈር የለም» የሚለውን መርጠው የፊት ስፒከሮቹን «ትልቅ» ቢሏቸው፣ ለሰብዉፈር የተመደበው ድምፅ ወደ አባትዎ ስፒከሮች ይዞራል፤ ከስፋታቸው አንጻር በደንብ ይወጡታል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ግን ባለቤትዎን ይለምኗቸው፤ መሣሪያው ላይ ዳንቴል አይደረግ፣ አበባም አይቀመጥ፣ በር ባለው ቡፌ ውስጥም አይዘጋበት። ይህ ዕቃ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱም የሚወጣው በላይ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ ከበላዩ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተዉለት። ዳንቴሉ ከመሣሪያው ሥር ቢነጠፍ ማንም አይቃወምም።

የአባትዎ አምፕሊፋየር ለምን እንደ ተቃጠለ ባይጽፉልኝም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረውን የቮልት መዋዠቅ መጠርጠሬ አልቀረም። ከ900 ዶላሩ ላይ ለስታብላይዘር የሚሆን ይቀንሱ። አቅሙ ቢያንስ 1000 ቪኤ (የስታብላይዘር አቅም የሚለካበት) ይሁን፤ መብራት ሲመለስ ወዲያው ከመልቀቅ ይልቅ ጥቂት ሴኮንዶች የሚቆይ ዓይነት ከተገኘ የተሻለ ነው። መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን መንቀል ልጆቹ ይልመዱ። እንግዲህ ሒሳቡ በግምት እንዲህ ይሆናል፦ ለአምፕሊፋየሩ ከ550 እስከ 650 ዶላር፣ ለመሐል ስፒከሩ ከ150 እስከ 200፤ የተረፈው ለስታብላይዘር፣ ለሽቦና ለጉምሩክ ይውላል።

የቀረው ወንድምዎ ናቸው፤ ከመሣሪያው ይልቅ እርስዎን የከበደዎት ይህ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ስፒከሮቹ የእርሳቸውም አባት ስፒከሮች ናቸው። በየሁለት ቀኑ ፎቶ የሚልክ ሰው ቅናሹ ብቻ አይመስለኝም ያስደሰተው፤ አባታችሁ ሲቀበሩ ወንድምዎ እዚህ ነበሩ ወይስ ባሕር ማዶ? መልሱን እርስዎ ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚያናግሯቸው የሚነግርዎትም እሱ ነው። ስልክ ሲደውሉ በቮልት አይጀምሩ። ስፒከሮቹን እንደ ፈተሹ፣ ባትሪው ሲነካቸው እንደ ተንቀሳቀሱ ይንገሯቸው። ቀጥለው «ለእነርሱ የሚስማማ የመሐል ስፒከር እዚህ አላገኝም፣ አንተ ምረጥልኝ፤ አምፕሊፋየሩ ግን በእኛ መብራት የሚሠራ እንዲሆን እህታችን ከዱባይ ትግዛው» ይበሏቸው። ባለ ዘጠኝ ቻናሉን አሁኑኑ እንዳይገዙት ግን ቶሎ ይደውሉ፤ ቅናሽ ሰው ያስቸኩላል። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው አበባዎቹን ያንሱና የስፒከሮቹን ጀርባ ይዩ፤ 4 ኦም የሚል ካገኙ እህትዎ ሱቅ ከመሄዷ በፊት ይጻፉልኝ።